የካፒቴኑ ቀብርና የተመለሱት ጓንቶች

ሐሙስ ጧት ከማሻገሪያው ጀልባ ወርጄ የወደቡን ዳገት ስወጣ፣ ፔሌግ ሃዝልተንን መንገዱ መካከል ተገትሮ አገኘሁት። ፔሌግ የመርከብ ስንጥቅ በዝፍት የሚደፍን ሠራተኛ ነው፤ ጥቁር ጥፍሮቹ ከሩቅ ይታወቃሉ። በሁለት ጣቱ ጫፍ አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት አንጠልጥሏል። አያያዙ ሸርጣን የያዘ ሰው አያያዝ ነበር።

«መምህር፣ እግዜር ነው የጣለልኝ!» አለ እኔን ሲያይ። «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ ይህን ነገር ይዩልኝ። ጥሪ ነው ወይስ ወጥመድ?»

«ከማን መጣ?»

«ከካፒቴን አቢኤል ቤት ነዋ! አገልጋያቸው ቫዮሌት ቅርጫት ሙሉ ይዛ ከማለዳ ጀምራ በየቤቱ ታድላለች። ‹ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቀብር ነው፤ እሜቴ ጠርተውሃል› ብላ እጄ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ባጠልቀው ቃሌን በላሁ። ባላጠልቀው ሃያ ዓመት መርከባቸውን የደፈንሁላቸውን ሰው ሳልቀብር ቀረሁ። ኧረ ምን ይሻለኛል?»

እንግሊዝ ከባሕር ማዶ በምትገዛው በእኛ አገር፣ በቦስተን አካባቢ፣ ሞት የሚነገረው በጓንት ነው። ጓንት የደረሰው ለቀብር ተጠርቷል፤ ያልደረሰው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። አፍ አያስፈልግም። አባቶቻችን እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ጓንቱም፣ ጥቁሩ ሐርም፣ ለቅርብ ዘመድ የሚሰጠው የሐዘን ቀለበትም ከእንግሊዝ በመርከብ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ግን የከተማችን ሸንጎ ተሰብስቦ አንድ ነገር ቆረጠ፤ የለንደኑ ፓርላማ በየወረቀቱ ላይ የጣለብን የቴምብር ቀረጥ እስኪሻር ድረስ፣ ከእንግሊዝ የመጣ ጓንት በቀብር ላይ የሚሰጥም የሚያጠልቅም አይኖርም። ፔሌግ እጁን አውጥቷል። የእኔም እጅ ከተነሡት እጆች አንዷ ነበረች።

«አንተ ብቻ አይደለህም፤» አልሁት። «ጓንት የደረሰው ሁሉ በቃሉ ታስሮ ይቀራል። ያልደረሰው ደግሞ አልተጠራሁም ብሎ ይቀራል።»

ፔሌግ ዓይኑን አፈጠጠ። «ታዲያ ካፒቴኑን ማን ሊሸከማቸው ነው?»

 ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየሁ፤ ለአራት ሰዓት ጥቂት ጎድሎ ነበር። ወደ ካፒቴኑ ቤት ይዤው ወጣሁ።

ካፒቴን አቢኤል ፕለመር ማክሰኞ ዕለት በስድሳ ዓመታቸው ሞቱ። ሚስታቸው ቀድማቸው ስለ ሞተች ቤቱን የሚያስተዳድሩት ታላቅ እኅታቸው እሜቴ ሜሂታብል ናቸው፤ የካፒቴኑን ልጅ ጆታምን ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ጆታም ፊደል የቆጠረው እኔ ዘንድ ነው፤ ኋላ ከቦስተን አጠገብ ካምብሪጅ ካለው ኮሌጅ ገብቶ ባለፈው ሐምሌ ጨርሶ ተመለሰ። የአክስትና የልጅ ድምፅ ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለን ተሰማን። ወደ ወጥ ቤቱ በር ስንደርስ፣ ጠረጴዛው ላይ የተመለሱ ጓንቶች ክንፋቸው እንደ ተሰበረ ወፎች ተከምረው አየሁ።

«ግባ እንጂ! በር ላይ እንደ ቀረጥ ሹም አትገተር!» አሉ እሜቴ ሜሂታብል፣ ፔሌግን ሲያዩ። ከዚያ ዓይናቸው እጁ ላይ አረፈ። «አንተም? አንተም ፔሌግ?»

ፔሌግ ባርኔጣውን አውልቆ ጓንቱን ከክምሩ ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጅህ በትኩሳት ሲነድ፣ በዚያ በረዶ ሐኪሙን በሰረገላ ያመጣልህ ማነው?»

«ካፒቴኑ ናቸው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እመቤቴ፣ በሸንጎ ፊት እጄን አውጥቻለሁ። አሁን ይህን ባጠልቅባት እጄ ሐሰተኛ ትሆናለች። በባዶ እጅ ይጥሩኝ፤ ሣጥኑን ብቻዬንም ቢሆን እሸከመዋለሁ።»

«በባዶ እጅ! ወንድሜ ግንድ ነው በባዶ እጅ የሚጎተት?» ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ደግ መጡ። ይቀመጡና ይፍረዱ። ይኼ ያስተማሩት ልጅ አባቱን ያለ ክብር ልቅበረው ይላል። ‹የተማረ ይግደለኝ› ያለው ሰውዬ ይኼን ልጅ አላየውም!»

ጆታም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሁለት ቀን አልተኛም፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሲናገር ግን በትሕትና ነበር።

«አክስቴ፣ ክብሩን አልነካም። ከተማው የተማማለውን ማፍረስ አልችልም ነው የምለው።»

«የተማማላችሁት ለምን ነው? ለአንድ ወረቀት ጥቂት ፔኒ ክፈሉ ስለ ተባላችሁ! የአንዱ ጓንት ዋጋ ከቴምብሩ ይበልጣል። ለፔኒ ብላችሁ ከንጉሥ ልትጣሉ?»

«ፔኒው አይደለም። አምና የላይኛው ድልድይ ሲፈርስ ግብር አልከፈልንም?»

«ከፍለናል።»

«ከቴምብሩ ያንስ ነበር?»

«ምን ያንሳል! ሦስት እጥፍ ነበር። ያ ግንበኛ ተብዬ ሌባ!»

«አባቴስ አላጉረመረመም?»

«አንድ ሳምንት ሙሉ ነዋ። ምግብ እንኳ አልበላ ብሎኝ ነበር።»

«ግን ከፈለ። ለምን ከፈለ?»

«ለምን አይከፍል? ሸንጎ ገብቶ፣ ተጨቃጭቆ፣ በመጨረሻ በገዛ እጁ...» ብለው ቆሙ።

«በገዛ እጁ ተስማምቶ፤» አለ ጆታም ረጋ ብሎ። «የቴምብሩ ሕግ ሲወጣ ግን ማን ተጨቃጨቀልን? በዚያ ፓርላማ ውስጥ ከእኛ ወገን የተቀመጠ አንድ ሰው የለም። የመሬት ውል፣ የመርከብ ሰነድ፣ ጋዜጣ፣ የሟች ኑዛዜ ሳይቀር ቴምብር ካልተመታበት አይጸድቅም አሉ። ዛሬ ያለ ፈቃዴ ፔኒ የወሰደ፣ ነገ ያለ ፈቃዴ ቤቴን ቢወስድ ምን ብዬ እከለክለዋለሁ?»

«አፍህ ስለታም ነው። ግን ጋዜጣ የማነብ እኔም ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኸው አንተ ብቻ አይደለህም። በእንግሊዝ አገርም ወደ ፓርላማ ሰው የማይልኩ ከተሞች ሞልተዋል። እነሱ ግብር አይከፍሉም? እዚያ የተቀመጡት ለሁሉም ያስባሉ።»

እውነቱን ለመናገር ይህ ቀላል ክርክር አልነበረም። ከእኛ የተሻሉ ሊቃውንትም ያነሡታል። ጆታም ጥቂት አሰበ።

«አክስቴ፣ የለንደኑ ሹም በለንደን ሰው ላይ ቀረጥ ሲጥል በራሱም ኪስ ላይ ይጥላል፤ ስለዚህ እጁ ትፈራለች። በእኛ ላይ ሲጥል ግን የእሱ ሸክም ይቀልለታል። ሸክሙን በሌላ ሰው ትከሻ የሚያራግፍ ሰው መቼ ነው በቃኝ የሚለው?»

«ፈረንሳይ በራፋችን ሲደርስ ማን ተዋጋልን? ለጦሩ ዕዳ ማን ይክፈል?»

«አባቴ አልተዋጋም? የፈረንሳይን ምሽግ ሉዊስቡርግን የያዙት የእኛ አገር ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች አልነበሩም? ከዚያስ? በሦስተኛው ዓመት ለንደን ውል ተፈራርማ ምሽጉን መልሳ ለፈረንሳይ ሰጠችው። ያንጊዜም የጠየቀን የለም።»

«እንዴ!» አለ ፔሌግ። «የእኔ አጎት እዚያ ነው ያለው። ከመሬት በታች ማለቴ ነው።»

እሜቴ ሜሂታብል ዝም አሉ። ጆታም ያሸነፈ መሰለው። እኔ ግን ፊታቸውን አየሁ። ሰውን ዝም ማሰኘትና ማሳመን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ወጣቶች ይህን የሚማሩት ዘግይተው ነው።

«ደግሞ አባቴ በምን ታመመ?» አለ ጆታም፣ ድምፁ እየጋለ።

«በሳንባው።»

«የት ታመመ?»

 ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ክረምት የካፒቴኑ መርከብ የጫነው ሞላሰስ አዲሱን ቀረጥ አልከፈለም ተብሎ ተያዘ። በቀድሞው ሥርዓት ቢሆን አሥራ ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠው ይፈርዱ ነበር። አዲሱ ሕግ ግን በሰሜን በኩል ካለ ሩቅ ወደብ፣ አንድ ዳኛ ብቻውን በተቀመጠበት ችሎት እንዲቆሙ አዘዘ። በደለኛ አለመሆናቸውንም ማስረዳት ያለባቸው እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። በጥር ብርድ በባሕር ሄዱ። ነጻ ነህ ተባሉ፤ ከመንገዱ ያመጡት ሳል ግን አልተሰረዘላቸውም።

«ይህን ለእኔ ትነግረኛለህ?» አሉ እሜቴ ሜሂታብል፣ ከወንበራቸው ተነሥተው። «ደረቱን በዝይ ስብ ሲያሹ ያደሩት እጆች የማን ናቸው? ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ጓንት የምለው! እነሱ ጤናውን ወሰዱበት። እናንተ ደግሞ ክብሩን ልትወስዱበት ነው!»

«አክስቴ...»

«ዝም በል፤ እኔ እናገራለሁ። አባታችን ሲሞት እኔ አሥራ ሁለት፣ አቢኤል ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። እናቴ ጓንት መግዣ አልነበራትም። ጓንት ካልተላከ የሚመጣ የለም። አምስት ሰው፣ ጆታም! አምስት ሰው ብቻ ተከተለን። ተሸካሚ ስለ ጎደለ የሣጥኑን አንድ ጫፍ አቢኤል ያዘ። ቁመቱ አልደረሰምና ሣጥኑ ወደ እሱ አዘነበለ። ከተማው በመስኮት ያየን ነበር። የዚያን ቀን በልቤ ማልሁ፤ ወንድሜ በምንም ቢሆን እንዲያ አይሄድም ብዬ።»

 ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሦስታችን ቀሰሩ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

«እናንተ በሸንጎ ተሰበሰባችሁ። የወንድሜ አቀባበር ምን መምሰል እንዳለበት ደነገጋችሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ሴት ሸንጎ አትገባም። ቃሌ አልተሰማም፤ እጄ አልተቆጠረም፤ ሕጉ ግን የወደቀው እኔ ራስ ላይ ነው። ስለ ፓርላማ ታወራላችሁ! ለእኔ ፓርላማው እናንተ ናችሁ!»

«ይቺን ይወዷል!» አለ ፔሌግ፣ ሳያስበው።

ጆታም አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ምድጃውን ተመለከተ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ ልጁ ፊቱ በራ፤ እንደ ተገፋ ሰው ወደ ፊት ዘለለና የአክስቱን ሁለት እጆች ያዘ።

«አክስቴ! እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው! አሁን ሆድዎን የሚያቃጥለው ነገር የእኛን ሆድ የሚያቃጥለው ነው! እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ በላቲን ስፈልገው የነበረውን እርስዎ በአንድ ቃል አሉት። ነገሩ ግብር አይደለም። ጓንትም አይደለም። አለመጠየቅ ነው! ሰው እንደ ዕቃ ከላይ ሲወሰንበት ነው!»

«እጄን ልቀቀኝ፤ ልትሰብረው ነው።»

አልለቀቀም። «በድለንዎታል። ለንደን የበደለችንን ያህል በድለንዎታል፤ እኔ ራሴ እጄን ሳወጣ ስለ እርስዎ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም። ስለዚህ አሁን እጠይቅዎታለሁ። ጓንት ይሁን ካሉ ቅርጫቱን ራሴ ይዤ ከቤት ቤት አድላለሁ፤ በከተማው ፊት ስሜ ይጥፋ። ባዶ እጅ ካሉም ባዶ እጅ። ከእንግዲህ አልከራከርዎትም። ፈቃዱ የእርስዎ ነው።»

ከምድጃው አጠገብ የእንጨት ማንኪያ ድስት ጠርዝ ሲመታ ሰማን። ቫዮሌት ነበረች፤ ገና ልጅ ሳለች ከመርከብ ላይ ተገዝታ ወደዚህ ቤት የመጣች ባሪያ።

«ከማለዳ ጀምሬ ጓንቱን ያደልሁት እኔ ነኝ፤» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «እኔንም የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ብቻም አይደለም።»

ጆታም የአክስቱን እጆች ለቀቀ። እሜቴ ሜሂታብል ቀሚሳቸውን አራገፉ። ፔሌግ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። እኔም መምህሩ፣ ቃል የማይጠፋኝ፣ ወለሉን አየሁ። ያን ቀን መልስ አላገኘችም። ይህን እዚህ የምጽፈው መልስ ስላላገኘች ነው፤ ስለ ነጻነት የሚጽፍ ሰው የሚያሳፍረውን መስመር ዘልሎ ቢያልፍ ቀሪው ጽሑፉ አይታመንም።

እሜቴ ሜሂታብል ተመልሰው ተቀመጡ። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። እስካሁን በር እንደሚከላከል ሰው ይናገሩ ነበር፤ አሁን ዕቃ እንደሚመርጥ ሰው መጠየቅ ጀመሩ።

«እሺ። ተጠየቅሁ። እንግዲህ እኔም ልጠይቅ። መምህር፣ አቢኤል በባዶ እጅ ቢቀበር ለንደን ምን ይገዳታል? በእኔ ጓንት ፓርላማ ይንቀጠቀጣል?»

«በእርስዎ ብቻ አይንቀጠቀጥም፤» አልሁ። «ፓርላማው የእኛን ጩኸት አይሰማም፤ የራሱን ነጋዴ ጩኸት ግን ይሰማል። የጓንት ሰፊው፣ የሐር ሸማኔው፣ ቀለበት አንጥረኛው፣ መርከብ ጫኙ፣ እነዚህ ሁሉ በራፉ ላይ ናቸው። ከቦስተን ጀምሮ በየወደቡ ቀብር ሁሉ ያለ ጓንት ቢሆን፣ ዕቃቸው መጋዘን ውስጥ ብል ሲበላው፣ ‹ያን ሕግ አንሡልን› ብለው የሚጮኹት እነሱ ይሆናሉ። ጥይት አንተኩስም። መግዛታችንን ብቻ እናቆማለን።»

«ጓንት የሌለው ድሀስ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ፤» አለ ፔሌግ።  «እናቴ ስትሞት እንዳላፍር ብዬ ላሚቱን ሸጥሁ። ለአርባ ሰው ጓንት ላክሁ። መጡ፤ ቀበሩ፤ አጥልቀው ሄዱ። ክረምቱን ልጆቼ ወተት አላዩም። ጓንቱን ካጠለቁት ውስጥ አንድም ሰው አንድ ማሰሮ ወተት አላመጣልኝም። ይኼ ልማድ ከእንግሊዝ ጋር ባንጣላም መቅረት ነበረበት፣ እመቤቴ። ሐዘንተኛ ያራቁታል።»

እሜቴ ሜሂታብል ወደ እሱ ዞሩ። «ለእናቴም እንዲህ የሚል ሰው ቢኖራት ኖሮ...» ብለው ተዉት። ቀጥሎ ያሉት ለራሳቸው ነበር። «አባቴን ሰው ያሳጣው ድህነቱ አይደለም። ጓንቱ ነው። ጓንት ባያስፈልግ ይመጡ ነበር።»

ከወንበሩ ሲነሡ የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት አልመሰሉኝም።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሊሆን ነው፤» አለ ጆታም።

«ጓንት ብልክ ስልሳ ቤት እጠራለሁ። በእግሬ ብሄድ ግን የማልጠራው ቤት የለም። ሻሌን አምጣልኝ!»

«አክስቴ፣ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፤ ልማዱ...»

«ልማዱን አፍርሺ ስትለኝ የዋልኸው አንተ አይደለህም? ና፣ ክንድህን ስጠኝ!»

እንግዲህ ያን የቀትር ሰዓት እንዴት ልንገራችሁ! እሜቴ ሜሂታብል ፕለመር፣ ከቤተ ጸሎት በቀር ከደጃፍ ርቀው የማይታዩት ሴት፣ ባዶ እጃቸውን ከሻላቸው በላይ አውጥተው ዳገቱን ወረዱ። መጀመሪያ ገመድ ከሚገመድበት ረጅም ዳስ ገቡ። ገማጆቹ ወደ ኋላ ሲራመዱ ድንገት ቆሙ፤ ክሩ በእጃቸው ላላ።

«አቢኤል ዘጠኝ ሰዓት ይቀበራል!» አሉ። «ጓንት የለም። በእጃችሁ ኑ!»

ቀጥሎ በርሜል ሠሪው ዘንድ። ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ፤ እሷ እንኳ አላስጨረሰቻቸውም፣ «እኔንም እሜቴ? እኔንም?» እያለች በሊጥ እጇ ትከሻቸው ላይ ተጠመጠመች። ከመርከብ መሥሪያው መዶሻ ሁሉ ጸጥ አለ። ከዓሣ ማድረቂያው ሴቶች ተጯጯኹ። ሰው ሰውን ጠራ። ጓንቱን የመለሱት ባለሱቆች ከየበራቸው ወጡ፤ አንዱ ሽማግሌ ነጋዴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እሜቴ፣ አስቀየምሁዎት ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም» ቢላቸው፣ «ጓንቱን የላክሁት ጧት ነው፤ በቀን ነው እንዴ የምትተኛው?» አሉት፤ መንገዱ በሳቅ ተናጋ። በሐዘን ቀን ሲሳቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ማንም ነውር አላለውም።

ዘጠኝ ሰዓት ደወሉ ተመታ። ሳሎኑ ሞላ፣ ግቢው ሞላ፣ መንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ ሞላ። ፔሌግ ልቁጠር ብሎ ጀምሮ ከሦስት መቶ በኋላ ተወው። ሣጥኑን በስድስት ሰው ሊያነሡ ሲሉ ስድሳ እጅ ተዘረጋ። ዝፍት የነካው እጅ፣ ዱቄት የነካው እጅ፣ ገመድ ያሻከረው እጅ፣ ቀለም የነካው የእኔ እጅ። በዚህ አገር ስኖር ጎረቤቶቼን ሁሉ በቀብር ላይ አይቻለሁ፤ እጃቸውን ያየሁት ግን ገና ያን ቀን ነው። ሣጥኑ ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ሄደ፤ ወደ ማንም አላዘነበለም።

እሜቴ ሜሂታብል በመቃብሩ አፍ ቆመው አላለቀሱም። አፈሩን በእጃቸው ዘገኑና፣ «ተመልከት አቢኤል፤» አሉ። 

ከዚያ ወዲያ በከተማችን የሆነውን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። በዚያው ወር ሦስት ድሆች ሞቱ፤ ሦስቱም በሰው ብዛት ተቀበሩ፤ ላም የሸጠ ሐዘንተኛ የለም። ለጓንትና ለሐር ይወጣ የነበረው ሁሉ ቤት ቀረ። የፕለመር ሳሎን በየማክሰኞው የእንዝርት መንኰራኵር ድምፅ ሞላበት፤ ሴቶቹ ሱፍ ፈትለው የገዛ ልብሳችንን ይሠሩልን ጀመር፤ ሱፉ እንዳይጎድልም ለዚያ ዓመት ጠቦት አንበላም ተባባሉ። ጠቦቱን የተዉት ግን ሸንጎ አዟቸው አይደለም። ከቀብሩ በኋላ በተደረገው ጉባኤ ጆታም ተነሥቶ፣ ምድጃን የሚነካ ነገር ከመወሰኑ በፊት ምድጃው ያለባት ትጠየቅ ብሎ ተናገረ። ግማሹ ሳቀበት፤ ግማሹ እጅ አወጣ፤ በአራት እጅ ተረታ። ቢሆንም ሰዎቹ ማታ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ጠየቁ፤ መጠየቅ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ለማቆም ያስቸግራል። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሕዝብን ለአመፅ የሚያነሣሣው የግብሩ ክብደት አይደለም። የገዛ ድልድዩን ለመሥራት ሦስት እጥፍ የከፈለ ሰው፣ ሳይጠየቅ ለተወሰደች አንዲት ፔኒ መርከቡንና ሕይወቱን ይሰጣል።

የቴምብሩ ሕግ የሚጸናበት ቀን ኅዳር መጀመሪያ ላይ ደረሰ። ደወሎቹ እንደ ሞት ቀን ተመቱ። ቴምብሩን የሚገዛ ስለ ጠፋ ችሎቱ ተዘጋ፤ መርከቦች ወደቡ ላይ ታስረው ቆሙ። በሦስተኛው ቀን የችሎቱ ጸሐፊ፣ ትሑት ሰው ነው፣ ወደ እሜቴ ሜሂታብል መጣ። እኔም ለጥየቃ ገብቼ እዚያው ነበርሁ። ካፒቴኑ ቤቱን ለእኅታቸው የተዉበትን ኑዛዜ ይዟል። ከደጅ ሰው ተሰብስቧል፤ ጸሐፊውን ዳገት ሲወጣ አይቶ የተከተለው ሰው።

«እሜቴ፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ይህ ኑዛዜ ያለ ቴምብር አይጸድቅም። ሳይጸድቅ ቤቱ የእርስዎ አይደለም፤ አንድ ክፉ ዘመድ ቢነሣ ደጅ ያወጣዎታል። ቴምብር ያለበት ወረቀት እንደሆነ ሕዝቡ እንዳያቃጥለው በቦስተን ፊት ባለው የደሴት ምሽግ ተቆልፎበታል። ‹እፈልጋለሁ› ብለው እዚህች ላይ ቢፈርሙልኝ አንድ ወረቀት በጓሮ አስመጣልዎታለሁ። ማንም አያይ፣ ማንም አይሰማ።»

ጆታም ከወንበሩ ተነሣ፤ ፍርዱን ግን ለአክስቱ ተወ። የሚሻለውን ተምሯል።

እሜቴ ሜሂታብል ግድግዳውን አዩ፤ መስኮቱን አዩ፤ ወንድማቸው በገዛ እጃቸው ያቆሙትን የምድጃ ድንጋይ አዩ። ወረቀቷን ከነብዕሩ ወደ ጸሐፊው መለሱለት።

«አንተ ደግ ሰው ነህ፣ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ለላኩህ ግን ንገራቸው። እሺ በይ ይሉኛል እንጂ፣ እሺ ትያለሽ ወይ አላሉኝም። እሺታ ለተጠየቀ ሰው ነው።»

«ቤቱስ፣ እሜቴ?»

«ቤቱ ይቆያል። እኔም እቆያለሁ።»

ጸሐፊው ወረቀቶቹን አጥፎ ወጣ። ደጁ ላይ ሰዎቹ ከበቡት፤ ምን አሉ፣ ፈረሙ ወይ ብለው ያዙት። እሱም ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፍቶ ጥቂት ቆመ፤ የሹመቱንና የልቡን ነገር ሲያመዛዝን አየሁት።

«‹መጀመሪያ ጠይቁኝ› ብለዋል፤» አላቸው።

የተነሣው ጩኸት ወንዙን ተሻግሮ ከወዲያኛው ዳር ተሰማ፤ ከወዲያኛው ዳርም ምን እንደ ተባለ ሳያውቁ መልሰው ጮኹ።